አንበሳም ሰባት ቤት ይቆጥራል?

የወንድ አንበሶች ጥምረት፣ የዘር ሐረጋቸውና የአልጣሽ አንበሶች ዕጣ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐሙሲትን አልፎ የፎገራን ሜዳ እያቋረጠ ወደ ወረታ ያመራል። በክረምት የጉማራና የርብ ወንዞች ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ይህ ሰፊ ሜዳ ዛሬ በሩዝ ማሳውና በፎገራ ከብት ዝርያው በመላ አገሪቱ ይታወቃል። አንበሳ ግን አይኖርበትም። ይሁን እንጂ ሽማግሌዎች ሲመክሩ ወይም ሲያስታርቁ ቆሞ ያዳመጠ ሰው አንበሳን በንግግራቸው ውስጥ ማግኘቱ አይቀርም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። የጋብቻ ጉዳይ ሲነሣ ደግሞ ሌላ የቆየ ደንብ አለ፤ የሁለቱ ወገኖች ዘር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ መረጋገጥ ይኖርበታል።

እነዚህ ሁለት የአገር ቤት ቁም ነገሮች፣ ማለትም የኅብረት ኃይልና የዘር ሐረግ ቆጠራ፣ በዚህ ጽሑፍ ለምንመለከተው ጉዳይ ጥሩ መግቢያ ይሆኑናል። በምሳሌያዊ አነጋገሩ አንበሳው ብቻውን የቆመ ኃይለኛ ሲሆን፣ የሚያብሩት ደካሞቹ ድሮች ናቸው። ባለፉት ስድሳ ዓመታት የተካሄደው ምርምር ግን አንበሳ ራሱ ከሚያብሩት ወገን መሆኑን አሳይቷል። ወንድ አንበሳ ግዛት የሚይዘውና ዘር የሚተካው በአብዛኛው ከወንድሞቹ ወይም ከባልንጀሮቹ ጋር ተጣምሮ ነው። ከዚህም በላይ እነዚህ ተጣማሪ ወንዶች የአንበሳ ደም ከአገር አገር እንዲጓዝና ዘመድ ከዘመድ እንዳይዋለድ የሚያደርጉ የሥርዓቱ ተሸካሚዎች ናቸው።

ይህ ሥርዓት በአጥር ወይም በመሬት ጥበት ሲቋረጥ ምን ይደርሳል? ጥያቄው ለአገራችን አንበሶች፣ በተለይም በአማራ ክልል በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ለሚኖሩት፣ የህልውና ጥያቄ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብቻውን የሚገዛ አንበሳ ጥቂት ነው

እንደሚታወቀው ነብርን ጨምሮ አብዛኞቹ የድመት አስተኔ እንስሳት የብቸኝነት ኑሮ የሚኖሩ ናቸው። አንበሳ ግን ከእነርሱ የተለየ ማኅበራዊ ኑሮ አለው። የመንጋው እምብርት እንስቶቹ ናቸው። እናትና ልጅ፣ እኅትማማቾች፣ አክስትና የእኅት ልጅ ሆነው በተወለዱበት ግዛት አብረው ያድናሉ፤ ደቦሎቻቸውንም በአንድነት ያሳድጋሉ። አንዷ የወለደችውን ሌላዋ ስታጠባ መታየቷ የተለመደ ነው።

ለመሆኑ ወንዶቹ ወዴት ይሄዳሉ? አንድ ወንድ አንበሳ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሞላው የተወለደበትን መንጋ ይለቃል። አንዳንዱ በራሱ ጊዜ ሲወጣ፣ ሌላው አዲስ በመጡ ጎልማሶች ተባርሮ ይወጣል። የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም። በአንድ ወቅት ከተወለዱ ወንድሞቹና የአክስት ልጆች ጋር ሆኖ፣ ግዛት ሳይኖረው ከአንዱ መንጋ ድንበር ወደ ሌላው ድንበር እየተሽሎከለከ፣ ያገኘውን እያደነ ይንከራተታል። ሰውነቱ ሲጠነክርና ጎፈሩ ሲሞላ፣ ይኸውም ወደ አራትና አምስት ዓመት ሲጠጋ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአንድን መንጋ ነባር ወንዶች ይገጥማል። ካሸነፉ መንጋው የእነርሱ ይሆናል፤ ካልሆነላቸው መንከራተታቸው ይቀጥላል። ሳይንቲስቶች «ጥምረት» የሚሉት ይህን የወንዶች ኅብረት ነው። አብዛኞቹ ጥምረቶች ሁለት ወይም ሦስት አባላት ያሏቸው ቢሆኑም ከዚያ የሚበልጡም አሉ። በደቡብ አፍሪካ ሳቢ ሳንድ በተባለው ጥብቅ ሥፍራ ከ2006 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት ሰፊ ግዛት ይዘው የቆዩት «ማፖጎ» የሚባሉት ወንዶች ስድስት ነበሩ።

የሥልጣን ዘመናቸው ረጅም አይደለም። በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ይገዛሉ፤ ከዚያም በተራቸው በጎረምሶች ይሸነፋሉ። በዚህች አጭር ዘመን ውስጥ ዘር መተካት ስለሚኖርባቸው አዲስ ገቢዎቹ በሰው ዓይን ሲታይ እጅግ የሚዘገንን ነገር ይፈጽማሉ፦ ከእነርሱ በፊት የተወለዱትን ትንንሽ ደቦሎች ይገድላሉ። የሚያጠባ ልጅ ያላት እንስት ልጆቿ እስኪያድጉ ድረስ ወንድ አትቀበልም፤ በሁለት ወሊዶቿ መካከልም ሁለት ዓመት ያህል ያልፋል። ደቦሎቿን ያጣች እንደሆነ ግን ብዙም ሳይቆይ ለመፀነስ ትዘጋጃለች። እርግዝናዋ 110 ቀን ያህል ስለሆነ የአዲሶቹ ገዥዎች ልጆች ለመወለድ ጊዜ አይፈጅባቸውም። በታንዛኒያ የሰረንጌቲ ሜዳ ከሚሞቱት ደቦሎች መካከል ሩብ ያህሉ በዚህ ምክንያት እንደሚሞቱ የረጅም ጊዜ ጥናት አሳይቷል።

ከዚህ መራራ ክስተት ግን አንድ ያልታሰበ ውጤት ይወለዳል። ደቦሎቻቸውን በአንድ ጊዜ ያጡ እንስቶች በአንድ ሰሞን ይፀንሳሉ፤ በአንድ ሰሞንም ይወልዳሉ። በመሆኑም ዕድሜያቸው የተቀራረበ ብዙ ወንድማማቾችና የአክስት ልጆች አብረው ያድጋሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ አብረው ተሰድደው የነገውን ጥምረት የሚመሠርቱት እነዚሁ ናቸው።

የወንድማማቾች ሒሳብ

የአንበሳን ኑሮ በሳይንሳዊ ዘዴ ለረጅም ጊዜ መከታተል የተጀመረው በ1966 ጆርጅ ሻለር በሰረንጌቲ ሥራውን ሲጀምር ነው። ከእርሱ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ተተክተዋል፤ ከ1978 ጀምሮም ክሬግ ፓከርና አን ፒውዚ ጥናቱን ለብዙ ዓመታት መርተውታል። እያንዳንዱ አንበሳ በፊቱ ላይ ባለው የጢም ነጠብጣብ ተለይቶ ስለሚመዘገብ፣ የማን ልጅ የት ተሰደደ፣ ከማን ጋር ተጣመረ፣ ስንት ዘመን ገዛ የሚለው ለትውልዶች ተጽፏል።

በ1979 ባይጎት፣ በርትራምና ሃንቢ የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚህ መዝገብ ተነሥተው ባወጡት ጥናት፣ በቁጥር የሚበልጡ ጥምረቶች መንጋ የመያዝ ዕድላቸው የሰፋ፣ የሥልጣን ዘመናቸውም የረዘመ መሆኑን አሳዩ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በአባላት ቁጥር ሲካፈል እንኳ የልጆቻቸው ብዛት ብቻውን ከሚኖረው የሚበልጥ መሆኑ ነው። እንግዲህ ማበር ያዋጣል ማለት ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። የጥምረቱ ትርፍ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላልን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የደቦሎቹን እውነተኛ አባት ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ ይህም በዓይን በማየት ብቻ የሚቻል አይደለም። በ1991 ፓከርና ባልደረቦቹ የዲ.ኤን.ኤ. አሻራን በመጠቀም ውጤታቸውን ኔቸር በተባለው መጽሔት አወጡ። በጥናቱ መሠረት ሁለት አባላት ባሉት ጥምረት ውስጥ ሁለቱም ልጅ ይወልዳሉ። የአባላቱ ቁጥር ሲጨምር ግን ልጅ መውለድ በጥቂቶቹ እጅ ይገባል፤ የቀሩት ሳይወልዱ ወይም ጥቂት ብቻ ወልደው የጥምረቱ ረዳት ሆነው ይቀራሉ። ዋናው ግኝት የሚከተለው ነው። ሁለት ወይም ሦስት አባላት ያሏቸው ጥምረቶች ዝምድና የሌላቸውን ወንዶችም ሊያካትቱ ይችላሉ፤ አራትና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

ምክንያቱን ለመረዳት እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዊልያም ሃሚልተን በ1964 ያቀረበውን ሐሳብ ማስታወስ ይበቃል። እንደ ሃሚልተን አገላለጽ ፍጡር ዘረመሉን ለቀጣይ ትውልድ የሚያስተላልፈው ራሱ በሚወልዳቸው ልጆች ብቻ ሳይሆን በዘመዶቹ ልጆችም በኩል ነው። ሙሉ ወንድማማቾች በአማካይ የዘረመላቸውን ግማሽ ይጋራሉ፤ በአንድ ወላጅ ብቻ የሚገናኙ ደግሞ ሩቡን። የመርዳት ዋጋ ከጥቅሙ ጋር ሲነጻጸር ይህ የዝምድና መጠን እንደ ማባዣ ይገባል።

በቁጥር እንመልከተው። ለምሳሌ ያህል አንድ ወንድ ብቻውን ቢኖር በዕድሜው ለአካለ መጠን የሚደርሱ 2 ልጆች ይኖሩታል ብለን እናስብ። ይኸው ወንድ ከሙሉ ወንድሞቹ ጋር ቢጣመር የራሱ ልጅ 1 ብቻ ይሆናል እንበል፤ በእርሱ ዕርዳታ ምክንያት ግን ወንድሞቹ ያለ እርሱ ከሚያገኙት በላይ 8 ልጆች ያገኛሉ። የ8 ግማሽ 4 ነው፤ ከራሱ 1 ጋር ሲደመር 5 ይሆናል። 5 ከ2 ስለሚበልጥ መርዳቱ አዋጥቶታል። ተጣማሪዎቹ ባዕዳን ቢሆኑ ኖሮ ግን 8 በዜሮ ተባዝቶ የሚቀረው የራሱ 1 ብቻ ነው፤ ይህም ከ2 ያንሳል። በመሆኑም ልጅ ሳይወልድ የሚያገለግል ወንድ በወንድሞቹ ጥምረት ውስጥ ይገኛል፤ በባዕዳን ጥምረት ውስጥ ግን አይገኝም። አንበሳው ሒሳቡን አያውቀውም፤ ሒሳቡን የሠራው በብዙ ሺህ ትውልዶች ውስጥ ያለፈው የተፈጥሮ ምርጫ ነው።

ዝምድና ወይስ ወንፈል?

ውድ አንባቢ፣ በገጠር ያደገ ሰው ወንፈልን ያውቃል። ዛሬ እኔ ያንተን ሩዝ ባጭድ ነገ አንተ የእኔን ታጭዳለህ፤ ያልመጣ ግን አይመጣለትም። የወንድ አንበሶች ትብብርም እንዲህ ያለ የብድር ምላሽ ይሆን? ይህን ለመመርመር ጆን ግሪኔል፣ ፓከርና ፒውዚ በ1995 ያወጡትን ሙከራ አካሄዱ። በድምፅ ማጉያ የባዕድ ወንድ አንበሳ ግሣት በመንጋው ግዛት ውስጥ አሰሙ። ነባሮቹ ወንዶች ወራሪ የገባ መስሏቸው ወደ ድምፁ ገሠገሡ። ተመራማሪዎቹ የመዘኑት ጓደኛው ዘመድ መሆኑ ወይም አለመሆኑ፣ አብሮት መሄዱ ወይም መቅረቱ በእያንዳንዱ ወንድ እርምጃ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው።

ውጤቱ ያልተጠበቀ ነበር። ወንዶቹ ከወንድማቸው ጋርም ሆኑ ከባዕድ ተጣማሪያቸው ጋር በእኩል ቆራጥነት ሄዱ፤ ጓደኛቸው በቦታው በሌለበት ጊዜ እንኳ አልቀሩም። የወንፈል ቁጥጥር፣ ማለትም «ካልመጣህ አልመጣም» የሚል ነገር፣ አልታየባቸውም። ግዛቱ ከተነጠቀ ሁሉም የሚያጣ በመሆኑ፣ መከላከሉ ለእያንዳንዳቸው በቀጥታ ይጠቅማል። ስለዚህ ዝምድና ጥምረቱ ምን ያህል ሊተልቅ እንደሚችል ሲወስን፣ በዕለት ተዕለት መከላከል ላይ ግን የሚያስተሳስራቸው የጋራ ጥቅም ነው ማለት ይቻላል።

የእናት ሐረግ ይቀመጣል፣ የአባት ሐረግ ይጓዛል

አሁን ወደ ሰባት ቤት እንመለስ። እንስቶቹ በተወለዱበት ስለሚቀሩና ወንዶቹ ስለሚሰደዱ፣ በአንበሶች ዘንድ የእናትና የአባት ሐረግ የተለያየ መንገድ ይከተላል። ሚቶኮንድሪያ በተባለው የሕዋስ ክፍል ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለሆነ በአንድ አካባቢ ለብዙ ዘመን እንደተቀመጠ ይኖራል። የሕዋሱ አስኳል ውስጥ ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ግን ከሁለቱም ወላጆች ስለሚመጣ፣ ስደተኛ ወንዶች በገቡበት ሁሉ ይቀላቀላል። ተመራማሪዎች ሁለቱን ዓይነት ዲ.ኤን.ኤ. ጎን ለጎን የሚመረምሩት ለዚህ ነው፤ አንደኛው የመሬቱን ታሪክ፣ ሁለተኛው የጉዞውን ታሪክ ይነግራቸዋል።

የሥልጣን ዘመን ማጠርም በዚህ ረገድ ጥቅም አለው። አንዲት እንስት ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልደው ሦስት ወይም አራት ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው። አባቷ ግን ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ገዝቶ ብዙውን ጊዜ ከመንጋው ተባርሯል። ወንድሞቿም ተሰድደዋል። ስለዚህ ለአካለ መጠን ስትደርስ የምታገኛቸው ወንዶች ከሌላ አካባቢ የመጡ ባዕዳን ይሆናሉ። አንበሳ ዘሩን በቃል አይቆጥርም፤ ነገር ግን የወንዶቹ ስደትና የገዥዎች መፈራረቅ ተደምረው የሰባት ቤት ደንብ የሚሠራውን ሥራ ይሠሩለታል።

ወንዶቹ ለዚህ ጉዞ የሚከፍሉትን ዋጋ በ2024 በኡጋንዳ የታየ አንድ ክስተት ያሳያል። በኩዊን ኤልሳቤጥ ብሔራዊ ፓርክ ጃኮብና ቲቡ የተባሉ ወንድማማች አንበሶች የካዚንጋን ወሽመጥ በሌሊት ዋኝተው ተሻገሩ። ርቀቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን፣ ውኃው ጉማሬና አዞ ያለበት ነው። ጃኮብ ደግሞ ከአራቱ እግሮቹ አንዱን በወጥመድ ምክንያት ያጣ ነው። ጉዞውን ከሰው አልባ አውሮፕላን በሙቀት ካሜራ የቀረጹት ተመራማሪዎች ወንድማማቾቹን ለዚህ ያነሣሣቸው እንስት ፍለጋ ሳይሆን እንደማይቀር ጽፈዋል።

በሩ ሲዘጋ

ስደተኞች ባይገቡስ? ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነው ከሰረንጌቲ አጠገብ የሚገኘው የንጎሮንጎሮ ጎድጓዳ ሜዳ ነው። በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ያለው ይህ ሜዳ ዙሪያውን በገደል የተከበበ ነው። በ1962 ደም መጣጭ ዝንቦች ከመጠን በላይ ተራብተው በሜዳው የነበሩትን አንበሶች ፈጁ፤ የተረፉት 10 ያህል ብቻ ነበሩ። በቀጣዮቹ ዓመታት 7 ወንዶች ከውጭ ገቡ። ከዚያ በኋላ የአንበሶቹ ቁጥር እንደገና አድጎ በ1970ዎቹ አጋማሽ ላይ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ነገር ግን ከውስጥ የተወለዱ ትልልቅ የወንድማማቾች ጥምረቶች ሜዳውን ስለያዙት ከውጭ የመጡ ወንዶች ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል መግባት ተሳናቸው። የሜዳው አንበሶች ሁሉ የ15 መሥራቾች ዘር ሆነው ቀሩ።

የዚህም ውጤት በደማቸው ታየ። የዘረመል ስብጥራቸው ከሰረንጌቲ አንበሶች ያነሰ ሲሆን፣ ከወንዶቹ የዘር ፍሬ ውስጥም ቅርጹ የተበላሸው ብዙ ሆኖ ተገኘ። አስተውሉ፤ የንጎሮንጎሮ አንበሶች ምግብ አላነሳቸውም፤ ጥምረታቸውም ጠንካራ ነበር። ያጡት ከውጭ የሚመጣ ባዕድ ደም ነው።

የስድስት ኪሎ ቤተሰብ

በአገራችን ደግሞ በሩ በሰው እጅ የተዘጋበት ታሪክ አለ። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ በ1940 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመውን «አንበሳ ግቢ» የማያውቅ ተማሪ ጥቂት ነው። ጎፈራቸው ጠቁሮ እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርደው የግቢው አንበሶች የዘር ግንድ ከ7 መሥራቾች፣ ከ5 ወንዶችና ከ2 ሴቶች፣ እንደሚመዘዝ ተመዝግቧል።

በ2012 ይፋ በሆነ ጥናት ከጀርመን፣ ከእንግሊዝና ከሌሎችም ተቋማት የተውጣጡ ተመራማሪዎች 15 የግቢውን አንበሶች (8 ወንዶችና 7 ሴቶች) ዲ.ኤን.ኤ. መረመሩ። ውጤቱም እነዚህ አንበሶች ለንጽጽር መረጃ ከተገኘላቸው የዱር አንበሶች ሁሉ በዘረመላቸው የተለዩ መሆናቸውን አመለከተ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ፤ እኛም ኮራንበት።

ይሁንና የሳይንስ ተማሪ ከኩራቱ ጎን ለጎን አንድ ስሌት ሊሠራ ይገባዋል። የወንድና የሴት ወላጆች ቁጥር እኩል ባልሆነ ጊዜ የአንድ ሕዝብ «ውጤታማ መጠን» የሚሰላው የሁለቱን ቁጥር አባዝቶ፣ በ4 አብዝቶ፣ ለድምራቸው በማካፈል ነው። ለ5 ወንዶችና ለ2 ሴቶች 40 ሲካፈል ለ7፣ ማለትም 5.7 ያህል ይሆናል። እንዲህ ባለ መጠን ላይ የቆየ ሕዝብ በየትውልዱ ከዘረመል ስብጥሩ ወደ 9 በመቶ የሚጠጋውን ያጣል። መጠኑ ሳይጨምር አሥር ትውልድ ቢያልፍ የሚቀረው 40 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህ የንድፈ ሐሳብ ስሌት እንጂ የግቢው አንበሶች ልኬት አይደለም፤ ነገር ግን ጥቂት መሥራቾች ያሉት ዝግ ቤተሰብ የተጋረጠበትን አደጋ በግልጽ ያሳያል። ከዱር አንበሶች የመለየታቸው ምክንያትም በከፊል ይኸው የመሥራቾች ማነስ ሊሆን ይችላል።

በዱር የሚወለድ ወንድ አድጎ ይሰደዳል። በግቢ የሚወለደው ግን የሚሰደድበት የለውም። በ2006 በቦታና በገንዘብ እጥረት ምክንያት የግቢው ደቦሎች በመርዝ እንዲሞቱ መደረጋቸው በዓለም አቀፍ መገናኛ ብዙኃን ተዘግቦ ብዙዎችን አሳዝኗል። የችግሩ ሥር ግን ከአንድ ግቢ አስተዳደር በላይ ነው፤ በሥርዓቱ ስደተኛ የሆነ እንስሳ ከታጠረ በኋላ ትርፍ ልጆቹ የሚሄዱበት ቦታ አያገኙም።

የቋራ አንበሶች

ከወረታ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ደብረ ታቦር ያደርሳል። በ1855 የነገሡት ዓፄ ቴዎድሮስ ዋና መቀመጫቸውን በዚያ አድርገው ነበር። በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ንጉሠ ነገሥቱን አንበሶቻቸው በዙሪያቸው ተኝተው የሚያሳዩ ሥዕሎችን ትተውልናል። ዓፄ ቴዎድሮስ የተወለዱበት ቋራ ደግሞ ዛሬ በአማራ ክልል የዱር አንበሳ ለመኖሩ ማስረጃ የተገኘበት ምድር ነው።

በምዕራብ ጎንደር ዞን በቋራ ወረዳ የሚገኘው አልጣሽ በ1998 ዓ.ም. በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለ ሲሆን፣ ስፋቱ 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በምዕራብ በኩል በ1935 ከተቋቋመው የሱዳኑ ዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ጋር ይዋሰናል። የአካባቢው ሕዝብ አንበሳ መኖሩን ቢያውቅም በዓለም አቀፍ ካርታዎች ላይ ሥፍራው በእርግጠኝነት የተመዘገበ አልነበረም። ቦርን ፍሪ በተባለው ድርጅት ድጋፍ፣ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በሃንስ ባወር መሪነት የተጓዘው ቡድን የአንበሳ ዱካ አገኘ፤ በራሱ በሚነሣ ካሜራም ፎቶግራፍ አስቀረ። ውጤቱ በጥር 2008 ዓ.ም. ይፋ ሆነ። ቡድኑ በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ከ1 እስከ 2 አንበሶች ይኖራሉ ብሎ በመገመት በአልጣሽ ከ27 እስከ 54፣ በአልጣሽና በዲንደር በአንድነት ደግሞ ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ አስታወቀ።

የእነዚህ አንበሶች ጥቅም ከቁጥራቸው በላይ ነው። በ2016 የወጣ ሰፊ የዲ.ኤን.ኤ. ጥናት አንበሶችን በሁለት ዐበይት ሐረጎች፣ በሰሜንና በደቡብ፣ ሲከፍል ኢትዮጵያን የሁለቱ መገናኛ አድርጎ አግኝቷታል። በ2017 የድመት አስተኔ ሊቃውንት ቡድን ይህንኑ ተከትሎ ሁለቱን ንዑስ ዝርያዎች ፓንቴራ ሊዮ ሊዮ እና ፓንቴራ ሊዮ ሜላኖካይታ ብሎ መደበ። የሰሜኑ ንዑስ ዝርያ በምዕራብና በማዕከላዊ አፍሪካ እንዲሁም በሕንድ ጥቂት ሥፍራዎች ብቻ የቀረ ነው። በአፍሪካ ምድር የቀሩት የዱር አንበሶች በአጠቃላይ ከ20 ሺህ እስከ 25 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ በሚገመትበት በአሁኑ ጊዜ፣ ሁለቱ ሐረጎች በሚገናኙበት አገር የሚኖር እያንዳንዱ መንጋ ልዩ ክብደት አለው።

ታዲያ ቁጥሩ በቂ ነውን? ማትስ ብዮርክሉንድ የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ በ2003 በኮምፒዩተር ባካሄደው ስሌት፣ አንበሶች በዘመዳሞች ርቢ እንዳይጎዱ ወንዶቹ ያለ ገደብ የሚንቀሳቀሱባቸው ቢያንስ 50፣ ቢቻል 100 የተያያዙ መንጋዎች እንደሚያስፈልጉ አሳይቷል። አሁን የአልጣሽን ቁጥር በዚህ እንመዝን። መንጋዎቹን አሳንሰን እያንዳንዱ 5 አባላት ብቻ አሉት ብንል፣ ከፍተኛው ግምት 200 አንበሶች 40 መንጋ ይሆናሉ። ይህም ከዝቅተኛው መስፈርት በታች ነው። አልጣሽ ከዲንደር ቢቆረጥ ደግሞ 54ቱ አንበሶች 11 መንጋ እንኳ አይሞሉም። እንግዲህ ሁለቱ ፓርኮች ተያይዘው እንኳ ጠርዝ ላይ ያሉ ሲሆኑ፣ ተለያይተው ግን ሌላ ንጎሮንጎሮ መሆናቸው ነው።

ስደተኛውን ማን ይጠብቀው?

እዚህ ላይ የወንዶቹ ጥምረት ጉዳይ ወደ ተግባር ይመጣል። ግዛት የሌላቸው፣ ከመንጋ የተባረሩ ሁለትና ሦስት ጎረምሶች ሲታዩ ትርፍ ይመስላሉ። ከፓርኩ ዳር የሚገኙት፣ ከከብት ጋር የሚጋጩት፣ በጥይትና በመርዝ የሚሞቱትም ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸው። ነገር ግን ከአንዱ አካባቢ ወደ ሌላው ደም የሚያደርሱት እነዚሁ ናቸው። እነርሱ በመንገድ ካለቁ፣ በውስጥ የሚቀሩት መንጋዎች ቁጥራቸው ሳይጎድል በሩ ይዘጋባቸዋል፤ ጉዳቱም የሚታወቀው ከብዙ ትውልድ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል በሬውን በአንድ ሌሊት ያጣ አርሶ አደር የሚከፍለው ዋጋ ከባድ መሆኑን መካድ አይቻልም። በፎገራ ሜዳ ላይ ያደገ ሰው የአንድ በሬ መሞት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ስለ አንበሳ ዘር የሚናገር ሰው ስለ በረት አጥር፣ ስለ ሌሊት ጥበቃና ስለ ካሳ ካልተናገረ ንግግሩ ጎደሎ ነው። የፓርክ ወሰን ብቻውንም አይበቃም። አንበሳ የአገር ድንበር ስለማያውቅ ኢትዮጵያና ሱዳን ፓርኮቻቸውን እንደ አንድ ሥፍራ አይተው መጠበቅ ይኖርባቸዋል። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነት ደግሞ ሰላም ከሌለ ጥበቃ እንደማይኖር የሚያስታውስ ነው።

ለወጣት ተመራማሪዎችም ሰፊ የሥራ መስክ አለ። የአንበሳን ዝምድና ለማወቅ እንስሳውን መያዝ ግድ አይደለም፤ ከኩሱና ከጠጉሩ ዲ.ኤን.ኤ. ማውጣት ይቻላል። በአልጣሽ የሚዞሩ ወንዶች ከየት መንጋ እንደተወለዱ፣ ከዲንደር የሚሻገሩ መኖራቸውን፣ ጥምረታቸው የወንድማማቾች ይሁን የባዕዳን፣ ደማቸውም ከጋምቤላ፣ ከኦሞና ከባሌ ሐረና ደን አንበሶች ጋር የሚያገናኘውን በዚህ ዘዴ መመርመር ይቻላል። ለብዙ ትውልድ ወገኑን እስከ ሰባት ቤት በቃሉ ቆጥሮ ያቆየ ሕዝብ ልጆች የአገራቸውን አንበሶች ሐረግ ቢቆጥሩ ለሙያው እንግዶች አይሆኑም። ለዚህም አስቀድሞ የሚቆጠረው አንበሳ ሊኖር፣ ከቋራ እስከ ዲንደር ያለው የጎረምሶቹ መንገድም ክፍት ሊሆን ይገባዋል።